«መንስኤው ያልታወቀ» ከተባለ በኋላ

በወጣትነት ስለሚያጋጥም ስትሮክ የደረሱንን ደብዳቤዎች በዚህ ዕትም አንድ ላይ አቅርበናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ከ50 ዓመት በታች ናቸው፤ ከሆስፒታል የወጡትም «መንስኤው ያልታወቀ» የሚል ወረቀት ይዘው ነው። መልሶቻችን የደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ የሚመጣውን ስትሮክ ይመለከታሉ፤ ደም ስር ፈንድቶ የሚመጣው ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ከሁለት ወር በፊት በድንገት ቀኝ እጄ ከዳኝ፣ አንደበቴም ተሳሰረ። ኤምአርአይ ስትሮክ መሆኑን አሳየ። ግፊትም ስኳርም የለብኝም፤ አጭሼም አላውቅም። «አልታወቀም» ማለት ተመርምሬ ጨርሻለሁ ማለት ነው ወይስ ገና ነኝ?

መልስ፦ እንኳን ተረፉ። ጥያቄዎ ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል፤ ምክንያቱም «ያልታወቀ» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ሐኪሞች ከ1993 ጀምሮ በሚጠቀሙበት ቶስት በተባለው አመዳደብ አንደኛው ምርመራው ሳይሟላ የቀረ ነው። ሁለተኛው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ምክንያት ተገኝቶ የትኛው ጥፋተኛ እንደሆነ ያልተለየበት ነው። ሦስተኛው ሁሉም ተፈትሾ ምንም ያልተገኘበት ነው። ወረቀት ላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ቀጥሎ መደረግ ያለበት ግን ይለያያል። በሚቀጥለው ቀጠሮ «የእኔ ከሦስቱ የትኛው ነው?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። በወጣቶች ላይ ከሚደርሰው የዚህ ዓይነት ስትሮክ ሲሶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ምክንያቱ ሳይለይ ይቀራል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ግን ፍለጋው ቶሎ ስለቆመ ብቻ ያልታወቁ ናቸው።

ፍለጋው ከአንጎል ምስሉ ይጀምራል። የጉዳቱ ቅርጽና ቦታ ራሱ ይናገራል። የአንጎልን ቅርፊት የነካ፣ ሽብልቅ የመሰለ ጉዳት የረጋ ደም ከሌላ ቦታ ተጉዞ መምጣቱን ያመለክታል። በጥልቁ ክፍል ያለች፣ ከ1.5 ሴንቲሜትር ያነሰች ጉዳት ብዙ ጊዜ የቀጫጭኖቹ ደም ስሮች ሕመም ውጤት ናት። በአንድ ጊዜ ግራም ቀኝም ከተጎዳ ደግሞ ልብና ደሙ ራሱ ይጠረጠራሉ።

ከዚያ ደም ስሮቹ ይታያሉ። ምስሉ ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ወሳጅ ተነሥቶ አንገትን አልፎ እስከ ራስ ቅል ውስጥ መድረስ አለበት። የአንገት አልትራሳውንድ ብቻውን አይበቃም። በወጣቶች ዘንድ አንዱ ዋና ጥፋተኛ የአንገት ደም ወሳጅ ግድግዳ መሰንጠቅ ሲሆን፣ ስንጥቁ አልትራሳውንዱ በማይደርስበት፣ ከራስ ቅል ግርጌ አጠገብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሲቲ ወይም በኤምአርአይ የሚሠራ የደም ስር ምርመራ ያስፈልጋል። በኤምአርአይ ከሆነ የስብን ድምቀት የሚያጠፋው የአንገት ምስል ሲታከልበት፣ ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ የገባው ደም እንደ ግማሽ ጨረቃ ደምቆ ይታያል። እዚህ ላይ ጊዜ ወሳኝ ነው። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ራሱ ይድናል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። እርስዎ ሁለተኛ ወርዎ ላይ ስለሆኑ ይህ ምስል ካልተነሣ አሁኑኑ ይነሣ። ከስትሮኩ በፊት በነበሩት ቀናት አዲስ የአንገት ሕመም፣ የአንድ ወገን ራስ ምታት፣ የአንድ ዓይን ቆብ መውደቅ ወይም የአንገት መመታትና መጠምዘዝ ከነበረ፣ ማንም ባይጠይቅዎትም ይናገሩ።

ልብ ላይ ከኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ከሚመዘግበው ምርመራ) በተጨማሪ ቢያንስ የ24 ሰዓት የልብ ምት ክትትል፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና የአረፋ ምርመራ ይሠራሉ። ስለ አረፋው በሚቀጥለው መልስ በዝርዝር እንመለስበታለን። ከቆዳ ሥር ተቀብሮ ለወራት የልብ ምትን የሚመዘግብ መሣሪያም አለ። በ2014 በወጣ ጥናት፣ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው 441 ሰዎች መካከል መሣሪያው ከተቀበረላቸው 12.4 በመቶ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ የተዛባ የልብ ምት ተገኝቷል፤ በተለመደው ክትትል የተገኘው በ2 በመቶ ላይ ብቻ ነው። በእርስዎ ዕድሜ ግን ይህ መዛባት ብርቅ ነው። ልብዎ የሚርገበገብ ካልሆነና በኢኮ የልብዎ የላይኛው ግራ ክፍል ሰፍቶ ካልታየ፣ ለዚህ መሣሪያ ወጪ ከማውጣት በፊት ሌሎቹ ምርመራዎች ይሟሉ።

ከደም ምርመራዎች ውስጥ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ አይቀሩም። ለወጣት ግን ቁልፉ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የፀረ-ፎስፎሊፒድ ፀረ እንግዳ አካላት ምርመራ ነው። ይህ ሦስት ክፍል አለው፦ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒን እና ፀረ-ቤታ 2 ግላይኮፕሮቲን። ሁለት ስሕተት ይደጋገምበታል። የመጀመሪያው፣ አንድ ጊዜ «አለ» ሲል እንደ ተረጋገጠ መቁጠር ነው፤ በኢንፌክሽን ምክንያት ለጊዜው ከፍ ሊል ስለሚችል ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ ይደገማል። ሁለተኛው፣ ሄፓሪን ወይም ሪቫሮክሳባንን የመሰሉ ደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች እየተወሰዱ ሉፐስ አንቲኮአጉላንትን መለካት ነው፤ መድኃኒቶቹ ውጤቱን ያዛባሉ። ናሙናው ሲወሰድ መድኃኒት ላይ ከነበሩ ላብራቶሪው እንዲያውቀው ያድርጉ።

የቀረው ጥሩ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ከስትሮኩ በፊት በነበሩት ሳምንታት ፊት ላይ የወጣ አልማዝ ባለጭራ የአንጎልን ደም ስሮች ሊያስቆጣ ይችላል። ከልጅነት የጀመረ የእጅና የእግር ማቃጠል ከላብ ማነስ ጋር ፋብሪ የተባለውን የዘር በሽታ ያስጠረጥራል። ተደጋጋሚ ውርጃ ወይም የእግር ደም መርጋት ወደ ፎስፎሊፒዱ ምርመራ ይመልሰናል። አደንዛዥና አነቃቂ ዕፆችን፣ አፍንጫን የሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶችን ጭምር፣ ለሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር ይገባል፤ ደም ስርን ያኮማትራሉ።

የተሠራልዎትን ምርመራ ሁሉ ከነቀኑ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ምስሎቹንም በሲዲ ይያዙ። ጽሑፋዊ ውጤቱ ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ሐኪም ምስሉን ራሱን ማየት አለበት።

ጥያቄ፦ 42 ዓመቴ ነው። የደም ግፊት አለብኝ፤ አጨሳለሁም። ከስትሮኩ በኋላ ልቤ ውስጥ ቀዳዳ ተገኘ። አንዱ ሐኪም «ይዘጋ» ሲለኝ ሌላው «ተወው» አለኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለቱም ሐኪሞች የሚመለከቱት አንድ ዓይነት ቀዳዳ ቢሆንም የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ «ቀዳዳ» የሚለውን እናጥራ። ጽንስ በሳንባው ስለማይተነፍስ፣ በሁለቱ የላይኛ የልብ ክፍሎች መካከል እንደ በር የሚከፈት ሽፋን አለው። ከተወለደ በኋላ ሽፋኑ ተጣብቆ ይዘጋል። ከአራት ሰው በአንዱ ግን ሳይጣበቅ ይቀራል፤ ይህ ፒኤፍኦ ይባላል። ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ፒኤፍኦ መገኘቱ ብቻ ጥፋተኝነቱን አያረጋግጥም። ስትሮክ የሚያመጣው ከእግር ወይም ከዳሌ ደም መልስ የተነሣ የረጋ ደም ሳንባ ላይ ተጣርቶ መቅረት ሲገባው በዚህ በር ሾልኮ ወደ አንጎል ሲሄድ ነው።

ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ለመገመት ሮፕ የሚባል የነጥብ ስሌት አለ። ግፊት ከሌለ 1፣ ስኳር ከሌለ 1፣ ቀድሞ ስትሮክ ካልነበረ 1፣ የማያጨስ ከሆነ 1፣ ጉዳቱ የአንጎልን ቅርፊት ከነካ 1 ነጥብ ይያዛል። ለዕድሜ ከ18 እስከ 29 5፣ ከ30 እስከ 39 4፣ ከ40 እስከ 49 3፣ ከ50 እስከ 59 2፣ ከ60 እስከ 69 1 ነጥብ ይጨመራል። የእርስዎን እናስላ። ዕድሜ 3። ግፊት ስላለ 0፣ ስለሚያጨሱ 0። ስኳር እንደሌለዎትና ይህ የመጀመሪያ ስትሮክዎ እንደሆነ እንውሰድና 2 እንጨምር። ድምሩ 5 ነው፤ ጉዳቱ ቅርፊቱን ነክቶ ከሆነ 6። በ5 ነጥብ ስትሮኩ ከፒኤፍኦ የመምጣቱ ግምት 34 በመቶ፣ በ6 ደግሞ 62 በመቶ ነው። ከላይ የጻፉልን የ34 ዓመት ጠያቂ ፒኤፍኦ ቢገኝባቸውና ጉዳታቸው ቅርፊቱን የነካ ቢሆን 9 ነጥብ ይደርሱና ግምቱ 88 በመቶ ይሆናል። ያው በር በእርሳቸው ልብ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው፤ በእርስዎ ልብ ግን ከግፊቱና ከሲጋራው ጋር ከተሰለፉት አንዱ ነው።

ከነጥቡ ጋር የበሩ መልክ ይታያል። የሚያሳልፈው ብዙ ነው? ሽፋኑ እንደ ሸራ ወዲያ ወዲህ ይገላበጣል? ነጥቡ ከ7 በታች ሆኖ ከእነዚህ ሁለቱም ከሌሉ መዝጋት ጥቅም አላሳየም። ከሁለቱ አንዱ እንኳን ካለና ነጥቡ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጥቅሙ ትልቅ ነው። መሐል ላይ ያለ ሰው የነርቭና የልብ ሐኪሞች አብረው ተነጋግረው ቢወስኑለት ይሻላል። «ይዘጋ» ያለው የልብ ሐኪም፣ «ተወው» ያለው የነርቭ ሐኪም ከሆነ አንድ ላይ እንዲያዩዎት ይጠይቁ።

የሚያሳልፈውን መጠን የሚለካው የአረፋ ምርመራ ነው፤ ሲበላሽም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በቀላል ነገር ነው። 9 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃና 1 ሚሊ ሊትር አየር በሁለት መርፌዎች መካከል ባለ ባለሦስት አፍ ቧንቧ ወዲያ ወዲህ እየተገፋ ይናጣል። ግልጹ ውሃ ነጭ አረፋ ሲሆን ወዲያው በክርን ደም ስር ይገባል። ሕመምተኛው እንደሚያምጥ ሆኖ ትንፋሹን ይይዛል፤ አረፋው የቀኙን የልብ ክፍል ሲሞላው ይለቃል። በዚያ ቅጽበት የቀኙ ግፊት ከግራው ይበልጥና በሩ ይገፋል። አረፋ በ3 የልብ ምት ውስጥ ወደ ግራ ካለፈ ፒኤፍኦ አለ። ከዚያ ዘግይቶ ከታየ መተላለፊያው ልብ ላይ ሳይሆን ሳንባ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ሳንባ ይመረመራል። ማማጡ በደንብ ካልተደረገ ግን ትልቅ በር እንኳን «የለም» ሊባል ይችላል። በጉሮሮ በሚገባው ኢኮ ማስተኛ መድኃኒት ስለሚሰጥ የተኛ ሰው አያምጥም። ስለዚህ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይለማመዱት፤ ውጤቱም ላይ «በማማጥ ተሠርቷል» የሚል መኖሩን ይመልከቱ።

መዝጊያው በብሽሽት ደም መልስ በቀጭን ቱቦ የሚገባ፣ ሁለት ክብ ገጾች ያሉት መሣሪያ ነው፤ ደረት አይከፈትም። በ2017 በወጣው ክሎዝ በተባለው ጥናት፣ በሩ ከተዘጋላቸው 238 ሰዎች በአማካይ በ5.3 ዓመት ክትትል አንድም ሰው ስትሮክ አልደገመውም፤ ፀረ-ፕሌትሌት (አስፕሪንን የመሰለ መድኃኒት) ብቻ ከወሰዱት 235 ሰዎች 14ቱን ደግሟቸዋል። እነዚህ ግን በሩ ሰፊ ወይም ሽፋኑ ተገላባጭ የነበሩ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘባቸው ሰዎች ናቸው። ዋናው ጉዳት የልብ ምት መዛባት ነው፤ ከመቶ 5 ያህሉ ላይ፣ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያል።

የእርስዎ ጉዳይ ወዴትም ቢያዘነብል ሲጋራውን አሁኑኑ ማቆምና ግፊቱን ከ130/80 በታች ማውረድ ማንም ሐኪም የማይከራከርበት ሕክምና ነው። በሩ ተዘግቶ ሲጋራው ከቀጠለ ሌላው መንገድ ክፍት እንደሆነ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ልጄ ስትሮክ ይዟት ተረፈች። አሁን ትራመዳለች፤ ትናገራለች። ምክንያቱ አልታወቀም ብለውናል። እውነቱን ንገሩኝ፤ ተመልሶ ይመጣባታል? ዕድሜዋስ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ እናታችን፣ እውነቱን እንነግርዎታለን። በኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ ከ1980 እስከ 2010 ከ18 እስከ 50 ዓመት ሆነው ስትሮክ ወይም ደርሶ የሚያልፍ ስትሮክ የያዛቸው 959 ሰዎች ለረጅም ዓመታት ተከታትለዋል። በደም ስር መዘጋት ስትሮክ ከያዛቸው መካከል በ20 ዓመት ውስጥ ከመቶ 19 ያህሉን ስትሮክ ደግሟቸዋል። የመጀመሪያዎቹን 30 ቀናት ካለፉት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 27 ያህሉ በእነዚያ 20 ዓመታት ሞተዋል፤ ይህ በእኩያዎቻቸው ላይ ከሚጠበቀው አራት እጥፍ ገደማ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ልጅዎ ላይ እንዳሉ መለጠፍ አይገባም። በውስጣቸው እስከ 50 ዓመት የደረሱ፣ ግፊትና ስኳር የነበረባቸው፣ የልብ ሕመም የነበረባቸው ሁሉ አሉ፤ የተወሰኑትም የዛሬው መድኃኒት ባልተለመደበት ዘመን የታከሙ ናቸው። ምክንያቱ ሳይገኝ የቀረባቸው ወጣቶች ትልልቅ ደም ስሮቻቸው በስብ ከጠበቡት ይልቅ የተሻለ ተስፋ አላቸው። ዕድሜዋ 27 መሆኑም ይረዳታል። መደጋገሙ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው፤ ያንን ዓመት ማለፍ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ስጋቱ ከዓመቱ በኋላ ዜሮ አይሆንም፤ ለአሥርተ ዓመታት ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። በ27 ዓመቷ ያልነበረ ግፊት በ38 ሊመጣ ይችላል፤ ስኳርና ኮሌስትሮልም እንዲሁ። ቤት ውስጥ ግፊቷን ትለካ፤ ስኳሯና ኮሌስትሮሏ በየዓመቱ ይታይ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በቀን ከ5 ግራም ያልበለጠ ጨው፣ ከሲጋራና ከሲጋራ ጭስ መራቅ። መድኃኒቷን «ደህና ነኝ» ብላ እንዳታቆም ከሁሉ በላይ ይጠብቋት።

ሌላም ይወቁ። ከአሥር ሰው አንዱን ያህል በቀጣዮቹ ዓመታት የሚጥል በሽታ ሊይዘው ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከወደቀች «አለፈ» ሳይባል ትታከም። መራመዷና መናገሯ ግን መልካም ምልክት ነው። በእነዚያው የናይሜኸን ሕመምተኞች ከ9 ዓመት ገደማ በኋላ ሲሶ ያህሉ በዕለት ኑሯቸው የሰው እርዳታ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ቀሪዎቹ ራሳቸውን ችለዋል።

ጥያቄ፦ ምክንያቱ የረጋ ደም ነው ተብሎ እያለ የተሰጠኝ አስፕሪን ብቻ ነው። ጠንከር ያለ ደም ማቅጠኛ ለምን አይሰጠኝም?

መልስ፦ «ደም ማቅጠኛ» በሚለው ስም ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ስለሚጠሩ ግራ ማጋባቱ አይገርምም። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ፕሌትሌት የሚባሉት ደቃቅ የደም ሕዋሳት እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። ዋርፋሪን፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባንና ዳቢጋትራን ደግሞ ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች ያዳክማሉ። ሁለተኞቹ ጠንካራ ስለሆኑ ምክንያቱ ላልታወቀ ስትሮክ ይሻላሉ የሚል ተስፋ ነበር። በ2018 ውጤቱ የወጣው ናቪጌት የተባለ ጥናት 7,213 ሰዎችን በሪቫሮክሳባንና በአስፕሪን ከፍሎ አነጻጸረ። ስትሮክ መደጋገሙ አልቀነሰም፤ ከባድ መድማት ግን ጨመረና ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆመ። በ2019 በዳቢጋትራን፣ በ2024 በአፒክሳባን የወጡት ጥናቶችም ከአስፕሪን የበለጠ ጥበቃ አላሳዩም።

ስትሮኩ ቀላል ከነበረና ሕክምናው በ24 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ለ21 ቀን ይሰጣሉ፤ ከዚያ አንዱ ብቻ ይቀጥላል። ሁለቱን ለወራት መቀጠል መድማትን ይጨምራል። ከ21ኛው ቀን በኋላ ሁለቱንም የሚወስዱ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ። ጠንካራው ግን የሚያስፈልግባቸው ሁኔታዎች አሉ፦ የተዛባ የልብ ምት፣ ሰው ሠራሽ የብረት የልብ ቫልቭ፣ በሩማቲክ በሽታ የጠበበ ሚትራል ቫልቭ፣ የተረጋገጠ የፎስፎሊፒድ ችግር። በመጨረሻዎቹ ሦስቱ ዋርፋሪን ይመረጣል። በፎስፎሊፒዱ ሦስቱም ምርመራ «አለ» ያሏቸው ሰዎች ሪቫሮክሳባን ሲወስዱ በዋርፋሪን ካሉት የከፋ ውጤት ታይቶባቸዋል።

አስፕሪን የሚወስድ ሰው ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን አዘውትሮ ባይወስድ ይሻላል፤ አይቡፕሮፌን የአስፕሪንን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ግድ ከሆነ አስፕሪኑ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጥ። ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ደግሞ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ከመጀመሩ በፊት ያማክር። ጥርስ ለመንቀል ብሎ አስፕሪንን በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከስትሮክ ከዳነ አንድ ዓመት ሆነው። ሰውነቱ ሙሉ ነው፤ ግን ከሥራ ሲመለስ ሬሳ ሆኖ ይወድቃል፤ ሰው ሲበዛ ይቆጣል። ዘመዶቹ ሰነፈ ይሉታል።

መልስ፦ እህታችን፣ ባለቤትዎ አልሰነፈም። ይህ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድካም ነው። በወጣትነታቸው ስትሮክ ከያዛቸው ከአሥር አራት ያህሉ ከዓመታት በኋላም ይህን ይናገራሉ፤ እግርና እጁ ሙሉ የሆነ ሰውም አያመልጠውም። አብሮት አእምሮ መረጃ የሚያስኬድበት ፍጥነት ሊቀንስ ይችላል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ሁሉንም ለማጣራት ድርብ ጉልበት ያወጣል፤ ቁጣው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሌላ ሊታከም የሚችል ምክንያት አለመኖሩ ይጣራ፦ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ እንዲሁም ድብርት። ድብርት ካለ ይታከማል፤ መታከምም አለበት። ለዚህ ድካም ራሱን የቻለ እርግጠኛ ክኒን ግን የለም። የሚረዳው የቀኑ አደራደር ነው። ከባዱ ሥራ ጠዋት ይሁን፤ በየ45 ደቂቃው 10 ደቂቃ ዝም ብሎ ይረፍ፤ ከቀትር በኋላ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ ሸለብታ ይውሰድ። ሥራ ቦታው ከተስማማ በሳምንት በሦስት ግማሽ ቀናት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይጨምር። ሙሉ ቀን ገብቶ ከመውደቅ ይህ ብዙ ይሻላል። እንግዳ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ሁለት ሁለት ሰው እየሆኑ ያናግሩት። የነርቭ ሥነ ልቦና ምርመራ ከተገኘ ውጤቱ በወረቀት ስለሚወጣ ለአሠሪውም ለዘመዶቹም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በ29 ዓመቴ ስትሮክ ያዘኝ። የወሊድ መከላከያ ክኒን መውሰድ እችላለሁ? ወደፊት መውለድስ?

መልስ፦ ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን፣ ፕላስተር ወይም ቀለበት ከእንግዲህ አይሆንዎትም፤ የደም መርጋትን ይጨምራል። የኤስትሮጅን ክኒን እየወሰዱ ሳለ ስትሮኩ ደርሶ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ምክንያቱን ለመገመት ይረዳል። በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ያለ ገደብ የሚፈቀድልዎት የመዳብ ሉፕ ነው። ሆርሞን ያለው ሉፕም ይቻላል። ክንድ ላይ የሚቀበረውና ፕሮጀስትሮን ብቻ ያለው ክኒን በሐኪም ምክር ይታያሉ። በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌ ግን ለእርስዎ አይመከርም።

መውለድ አይከለከልም። በእርግዝና የመደጋገም አደጋው ትንሽ ነው፤ የሚጨምረው ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ነው። ከማርገዝዎ በፊት የመድኃኒት ዝርዝርዎ ይከለስ። በስማቸው መጨረሻ ላይ «ፕሪል» ያለባቸው የግፊት መድኃኒቶች ይለወጣሉ፤ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ ይቆማሉ፤ ዋርፋሪን ጽንስን ስለሚጎዳ በሄፓሪን መርፌ ይተካል። አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን መቀጠል ይቻላል። በአራስነት ከባድ ራስ ምታት ከመጣ የእንቅልፍ እጦት ነው ብለው አይጠብቁ፤ ግፊትዎ ይለካ፣ ምስልም ይነሣ።

ጥያቄ፦ እጄ በደነዘዘ ቁጥር «ተመለሰ» እያልኩ እደነግጣለሁ። የትኛው ነው የሚያስሮጠኝ?

መልስ፦ የስትሮክ ምልክት እንደ መብራት መጥፋት ነው፤ በድንገት ይመጣል፣ የነበረ ኃይል ይጠፋል፦ ፊት ይጎብጣል፣ ክንድ ይወድቃል፣ ንግግር ይዘበራረቃል፣ የእይታ ግማሽ ይጨልማል፣ ሚዛን ይከዳል። የማይግሬን ምልክት ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ ወስዶ ከጣት ወደ ክንድ ወደ ከንፈር ይሳባል፤ ብልጭታና ውርር የማለት ስሜት ይኖረዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልፋል። ከተኙበት ክንድ የመጣ ድንዛዜ ክንዱን ሲያንቀሳቅሱት በደቂቃዎች ይለቃል። ይህን ልዩነት ማወቅ የሚጠቅመው በኋላ ለሐኪም ለመግለጽ ነው። ድንገተኛ የሆነ ሁሉ፣ በ10 ደቂቃ ቢያልፍ እንኳን፣ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ያስኬዳል።

በዚያ ሰዓት አስፕሪን አይዋጥ፤ ደም እየፈሰሰ አለመሆኑን የሚለየው ምስሉ ብቻ ነው። ምግብና ውሃም አይሰጥ፤ ትን ሊል ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚሰጠው፤ የረጋውን ደም በቱቦ ማውጣት በተመረጡ ሰዎች እስከ 24 ሰዓት ይቻላል። የሚቆጠረው ምልክቱ ከታየበት ሰዓት ሳይሆን ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ነው። ስለዚህ ኪስዎ ውስጥ አንድ ካርድ ይያዙ። ካርዱ ላይ የቀድሞው ስትሮክ ቀን፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ ጠንካራ ደም ማቅጠኛ ከሆነ የመጨረሻው ክኒን የተዋጠበት ሰዓት፣ የቤተሰብ ስልክ ይጻፍ። ከታች ባዶ መስመር ይተው፤ አብሮዎት ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሞላው «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረበት ሰዓት» የሚለውን ይሁን።